በክራንችና በዊልቸር የሚሄዱ ወላጆቻችን እድሜያቸው ሲገፋ እንዳይቀመጡብን

ደብረ ብርሃንም ሁኑ መንዝ፣ ቤታችሁ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ በክራንች ወይ በዊልቸር የኖረና አሁን 60ን ያለፈ ሰው ካለ ይሄ ለናንተ ነው። እነዚህ ሰዎች መንቀሳቀስ የሚያቆሙት አቅም አጥተው ብቻ አይደለም፣ እኛው "ኧረ ጋሼ ይቀመጡ፣ ይወድቃሉ፣ እኔ አመጣዋለሁ" እያልን እናስቀምጣቸዋለን፣ ከፍቅር ነው አውቃለሁ፣ ግን ቁጭ ያለ ሰው ጡንቻው ይከሳል ከዛ የፈራነው መውደቅ ራሱ ይመጣል። ስለዚህ ውሃውን ራሳቸው ይቅዱ፣ እናንተ አጠገባቸው ቁሙ።

ቀጥሎ ክራንቹን ገልብጣችሁ ጫፉን እዩት። ጎማው ካለቀ ኮብልስቶን ላይ፣ በተለይ ዝናብ ወይ የጠዋት ውርጭ ካለ ያንሸራትታል፣ ጎማውን ብቻ መቀየር ይቻላል። ቆመው ደግሞ ለኩት፣ በብብትና በክራንቹ አናት መሀል ሁለት ሶስት ጣት መግባት አለበት፣ ክብደቱን መዳፍ ነው መሸከም ያለበት፣ ብብታቸው ላይ ተንጠልጥለው ከሄዱ ነርቭ ተጭኖ እጅ ይደነዝዛል።

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነች፣ የጥቅምትና የህዳርን ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ ብርድ ላይ ጡንቻ ይገትራል። ፀሀይ ሞቅ ሲል 4 ሰዓት አካባቢ ውጡ። ክረምት ጭቃው አላስወጣ ካለ መደቡ ይበቃል፦ ጫፉ ላይ ተቀምጠው 5 ጊዜ መነሳት መቀመጥ፣ አረፍ፣ ደግሞ 5፣ ፊት ለፊት የሚደግፍ ሰው ይኑር። እግራቸው የማይታዘዝ ከሆነ የዊልቸሩን ፍሬን ይዛችሁ የሚለበሰውን ነጠላ ምሰሶ ላይ እሰሩና ወደ ደረታቸው ይሳቡት። ትከሻቸው ዊልቸር ሲገፋ ስለኖረ ከባድ ነገር ከጭንቅላታቸው በላይ አታስነሷቸው።

ልጅ ሆነው ፖሊዮ የያዛቸው ከሆነ ግን በደንብ አንብቡ። ከ15 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ አዲስ ድካምና የጡንቻ መዛል ሊመጣባቸው ይችላል፣ ስንፍና አይደለም፣ እዚህ ላይ "በርቱ እንጂ" ብሎ መግፋት ይጎዳል። ያደረባቸው ድካም ወይ ህመም በማግስቱም ካልለቀቀ በዝቷል ማለት ነው ቀንሱ፣ መሀል መሀል ይረፉ፣ ድካሙ አዲስ ከሆነም ሀኪም ይያቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳት ላለባቸው አዋቂዎችም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ መካከለኛ ማለት እያወሩ የሚሰሩት ግን መዝፈን የሚያቅት ነው። ቁጥሩ አያስፈራችሁ፣ እዛው መመሪያ ላይ ትንሽም ብትሆን ከምንም ትሻላለች ተብሏል። የስኳር መድሃኒት የሚወስዱ ሰዎች ፆም ላይ ሳይቀምሱ አይጀምሩ፣ ሲመለሱም የእግራቸውን መዳፍ እዩላቸው፣ ቁስል ቢኖር ላይሰማቸው ይችላል።

"ሰው ያየኛል" ብለው እምቢ ካሉ ስፖርት የሚለውን ተዉትና ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ፣ እድር፣ ለቅሶ ይሂዱ። ባጃጁ በሩ ድረስ አያድርሳቸው፣ ሜዳ የሆነ ቦታ ቀደም ብሎ ያውርዳቸውና ቀሪዋን በራሳቸው ይሂዷት፣ መንገድ ላይ አረፍ የሚሉበት ድንጋይ ወይ ደጃፍ ቀድማችሁ እዩላቸው።