የእንቁጣጣሽ ካርድ በላጲስ ማኅተም

ለማኅተሙ ነጩ፣ ለስላሳውና ትልቁ ላጲስ ይሻላል፤ ጠንካራው ሲቆረጥ ይፈረፈራል። አደይ አበባዋን በእርሳስ ስስ ወረቀት ላይ ደመቅ አድርጋችሁ ሳሉና ገልብጣችሁ ላጲሱ ላይ እሹት፤ እርሳሱ ይጋባል። ጽሑፍም ከሆነ በዚሁ መንገድ ራሱ ይገለበጥና ሲታተም በትክክል ይነበባል። በቀጥታ ላጲሱ ላይ የጻፈ ሰው ግን የ«ቁ»ን ክንድ በግራ በኩል ያገኘዋል።

ዋናው ሥራ ቀረጻው ነው። ከአበባዋ ውጪ ያለውን በስለታም ምላጭ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጠልቃችሁ አንሱ። የምላጩ ጫፍ ከሥዕሉ ወደ ውጭ እየራቀ ይውረድ። ወደ ውስጥ ከገባ የአበባው ቅጠል ሥሩ ይሳሳና ስትጫኑት ይተኛል፤ ኅትመቱም ይንሻፈፋል።

ቢጫ የማኅተም ቀለም ከጠፋ ወፈር ያለ የውሃ ቀለም ስፖንጅ ላይ ቀብታችሁ ማኅተሙን መታ መታ አድርጉበት። ቀለም ከበዛ በቅጠሎቹ መሃል ያለው ክፍተት ይሞላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሩ።

200 ግራም የሚባለውን ወፍራም ኤ4 ወረቀት ለሁለት ቁረጡ፤ ማጠፊያውን ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ አስምሩ፣ አለዚያ እጥፋቱ ይሰነጠቃል። ከሥር ጥቂት ጋዜጣ አንጥፋችሁ ማኅተሙን ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። ማወዛወዝ ጠርዙን ያደበዝዛል። አረንጓዴውን ግንድ ቢጫው ሳይደርቅ አታስከትሉ።

ማኅተሙን ወዲያው በሳሙና እጠቡና በወረቀት ጠቅልሉት፤ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከከረመ ይጣበቃል።