በጨረታ የተገዛ የሙዚቃ ሸክላ ባሕር ዳር ደርሶ ሲዋዥቅ፦ ችግርና መፍትሔ

መርፌው መጽዳቱን፣ መርፌውን የሚሸከመው ክንድ ክብደት መስተካከሉን፣ ማጫወቻው በውኃ ልክ መቀመጡን አረጋግጣችኋል ብዬ ልነሳ። ይህን ሳያደርግ «ሻጩ አታለለኝ» ብሎ የሚጮህ ሰው መጀመሪያ ወደ ማጫወቻው ይመለስ። እዚህ የምጽፈው በኢንተርኔት ጨረታ ተገዝተው፣ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፍሎባቸው፣ በሰው ሻንጣ ቦሌ፣ ከዚያም በመኪና ጣና ዳር ስለሚደርሱ ሸክላዎች ነው።

ምልክት፦ ዘፈኑ በሙሉ ዘገምተኛ ነው፤ የድምፃዊቷ ድምፅ የወንድ ይመስላል

ሸክላው ጤነኛ ነው። ከአሜሪካ የመጣ፣ በኤሲ ሲንክሮነስ ሞተር የሚሠራ ማጫወቻ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ድግግሞሽ ነው። እዚያ 60 ኸርዝ ነው፤ እኛ ዘንድ 50። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባው 37.5 ጊዜ ይዞራል፤ 33⅓ የሚገባውም ወደ 28 ይወርዳል። ሰው ሁሉ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ይቀንሳል እንጂ ድግግሞሹን አይነካም! ማጫወቻው በቺንጋ የሚዞር ከሆነ የሞተሩን ፑሌጃ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ዲያሜትሩ በ20 በመቶ የሚበልጥ አስቀርጹ። በዲሲ ሞተር የሚሠራ ማጫወቻ ይህ ችግር የለበትም። መለያው ቀላል ነው፤ ሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፋችሁ የአንድ ደቂቃ ዙሩን ቁጠሩ።

ምልክት፦ ድምፁ ይዋዥቃል

እጄ ከሚገቡት ሸክላዎች አብዛኞቹ ይህ አለባቸው። ኦርጋኑ ወይም ሳክስፎኑ አንድ ኖታ ላይ ረዘም አድርጎ ሲቆይ ኖታው ከፍ ዝቅ ይላል። ገዢው ወዲያው ሻጩን መክሰስ ይጀምራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማጫወቻውን ፈትቶ ኩሽኔታውን ግራሶ ይቀባል። ኩሽኔታውን ተዉት። ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ከሸክላው ትይዩ አድርጉና ክንዱን ተመልከቱ።

ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ ሸክላው ተጣሟል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ መካከለኛው ቀዳዳ ቦታውን ስቷል። ክንዱ ጸጥ ብሎ ድምፁ ብቻ ከዋዠቀ ቺንጋው ላልቷልና ለውጡት፤ ከላስቲክ ጓንት ተቆርጦ የተሠራ ቺንጋ ግን አታምጡብኝ። ሌላም ማረጋገጫ አለ፤ የመጣመም ችግር ጠርዙ አካባቢ ይከፋል፣ የቀዳዳ ችግር ደግሞ መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ይብሳል። ምክንያቱም መሃል አካባቢ ዙሩ ጠባብ ስለሆነ የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት ሚዛኑ ይከብዳል።

መጣመሙ ከሻጩ የመጣ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሸክላ የሚሠራበት ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ዳሽቦርዱና የኋላ መስታወቱ ሥር ያለው መደርደሪያ እዚህ ሙቀት ላይ ለመድረስ ብዙ አይፈጅባቸውም። ከዋሽንግተን በእጅ ሻንጣ ተይዞ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ጉምሩክ አልፎ በሰላም የመጣ ሸክላ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ ይበላሻል። አንዱ ደንበኛዬ የእህቱ ልጅ ስንት ሌሊት ሳትተኛ አድራ በጨረታ ያሸነፈችለትን ሸክላ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኖ፣ በሚያዝያ ፀሐይ ዓባይ በረሃን አሻግሮ አመጣው። ሽፋኑ አዲስ ነው። ሸክላው ሲወጣ ግን ጠርዙ ምጣድ ላይ እንደ ቆየ እንጀራ ተነስቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ለሻጩ የቅሬታ ደብዳቤ ጻፉልኝ ይላል!

ሌላው የባሰ ነበር። የተጣመመ ሸክላ በሙቀት እንደሚቃና ሰምቶ በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ገጠመበት። ያመጣልኝ ነገር መሃሉ ወረቀት ያለበት ጥቁር ቅርጽ አልባ ነገር ነበር። ምጣድ፣ ካውያና ምድጃ ከሸክላ ጋር አይገናኙም።

ማቃናት ግን ይቻላል። መስታወት ቤት ሄዳችሁ ባለ 6 ሚሊ መስታወት፣ 35 በ35 ሴንቲ ሜትር ሁለት አስቆርጡ፤ ጠርዙንም አስሞርዱት። ሸክላውን አጥባችሁ አድርቁ። አንዲት የአሸዋ ፍንካች ከቀረች መስታወቱ ድምፁ የተቀረጸበት ቦይ ላይ ያትማትና ዕድሜ ልኳን «ቋ» ትላለች። ሸክላውን ያለ ወረቀት በሁለቱ መስታወቶች መካከል አስገቡና ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ላይ አውጡ። የቀትር ፀሐይ አይሆንም፤ ጥቁር ነገር በመስታወት ሥር ከምትገምቱት በላይ ይግላል። በየአምስት ደቂቃው መስታወቱን በመዳፍ ንኩ። እጅ ችሎት ሲሞቅ ይበቃል፤ ካላስቻለ አልፋችኋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አድርጋችሁ መጻሕፍት እኩል ጫኑበትና እስከ ማግስቱ አትክፈቱት። ትኩሱን የከፈተ ሰው ሌላ ጥምመት ይፈጥራል። አንድ ጊዜ ካልበቃው ድገሙት፤ ሙቀቱን ግን አትጨምሩ። ረጋ ያለ፣ ሳህን የመሰለ ጥምመት በደንብ ይመለሳል። ጠርዝ ላይ ያለች አጭር እጥፋት ግን ሙሉ በሙሉ አትመለስም፤ መርፌው ሳይዘል ካለፈላት ተዉት።

ለዘመዶቻችሁ የምትነግሯቸው ደግሞ ይኸው፦ ሸክላውን ከውጭ ሽፋኑ አውጥተው ለብቻው በወረቀቱ ያድርጉት (አለበለዚያ ሲገፋ ሽፋኑን ስፌቱ ላይ ይሰነጥቀዋል)፣ ከሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል ያስገቡት፣ ሹፌር ሳይሆን ተሳፋሪ በእጁ ይያዘው። የምሳ እረፍት ላይም መኪና ውስጥ አይተውት። መኪና ውስጥ አይተውት።

የቀዳዳው ጉዳይ የአትሚው ጥፋት ነው፤ መመለስ የሚቻል ከሆነ መልሱ። ካልሆነ ቀዳዳውን በክብ ሞረድ በጥቂቱ ሰፋ አድርጎ ክንዱ ጸጥ እስኪል ሸክላውን ገፋ ገፋ ማድረግ ይሠራል። ብርቅ እትም ላይ ግን ሞረድ ያነሳ ሰው ከእኔ ጋር አይነጋገር፤ ዋጋው ያኔውኑ ይወድቃል።

ምልክት፦ የመጣው እትም የተባለው አይደለም

የአዲስ አበባው ሸክላ አሳታሚ አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸው ሸክላዎች የሚታተሙት ከአገር ውጭ ነበር፤ ስለዚህ ባዕድ አገር የታተመ መሆኑ ብቻ አያስደንግጣችሁ። ባርኮድ፣ የድረ ገጽ አድራሻ ወይም «180 ግራም» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን የኋላ ዘመን ድጋሚ እትም ነው፣ ሻጩ «ኦሪጅናል» ብሎ ቢምልም። ከመጫረታችሁ በፊት በመጨረሻው ዘፈንና በመሃል ወረቀቱ መካከል የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ ጠይቁ። ለማንሳት የሚያንገራግር ሻጭ ይቅርባችሁ። «ቪጂ ፕላስ» (በጣም ጥሩ ሲደመር) የሚለው የሻጮች የይዞታ ደረጃም በዓይን ታይቶ ወይስ ተሰምቶ እንደተሰጠ ጠይቁ፤ ያለቀ ቦይ በዓይን ሲታይ ያብለጨልጫል።

ምልክት፦ ክረምት አልፎ ሲወጣ ይንጫጫል፤ ግራጫ ነጠብጣብ አለበት

ሻጋታ ነው። ሐይቅ ዳር ሸክላን በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ማክረም ሻጋታ ማርባት ነው። በዲስቲልድ ዋተርና በጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትላችሁ እጠቡ፤ የውስጡን ወረቀትም ለውጡ። ውኃውን ከመለዋወጫ ሱቅ ስትገዙ ጠርሙሱን አንብቡ፤ አጠገቡ የተደረደረው የባትሪ አሲድ ነው።

ባለ 78 ዙሩን አሮጌ ሸክላ በአረቄም ሆነ በአልኮል አትጥረጉ፤ የተሠራበትን ሙጫ፣ ሼላኩን፣ ያሟሟዋል። ለእሱ ሰፊ ጫፍ ያለው የራሱ መርፌ ያስፈልገዋል።

የ45 ዙር ሸክላ መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ሆኖ ከመጣ አስማሚ ግዙ እንጂ ካርቶን ቆርጣችሁ አትሙሉበት።