«ማም፣ ከማይክሮሶፍት ነው የምደውለው»፦ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነን ከሚሉ ደዋዮች ጋር የምንሠራቸው ስህተቶች

አክስቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመረች አሥራ አምስት ዓመት አልፏታል። እንግሊዝኛዋ ለገበያና ለሐኪም ቤት ይበቃታል። ላፕቶፕ የምትከፍተው መዝሙር ለማዳመጥና አዲስ አበባ ካሉት የልጅ ልጆቿ ጋር ለመተያየት ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አቦሉን ጠጥታ ቶናውን ቀድታ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ።

«ማም፣ ከማይክሮሶፍት ነው የምደውለው። ኮምፒዩተርዎ ቫይረስ እየበተነ ነው።»

ማታ ቤቷ ስደርስ 1,800 ዶላር ሄዷል፤ ቶናው ሲኒው ላይ እንዳለ ቀዝቅዟል። ለምን ስልኩን እንዳልዘጋችው ስጠይቃት የመለሰችልኝ ይህን ነው፦ «ሰውዬው ሦስት ሰዓት ሙሉ ለእኔ ሲደክም ውሎ እንዴት ጆሮው ላይ እዘጋበታለሁ?»

ኮምፒዩተር መጠገን ትንሽ ስለምሞክር ከዚያ ወዲህ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሰው ሳሎን ተቀምጬ ይህንኑ ታሪክ ሰምቻለሁ። እነዚህ ሌቦች ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቁት ያን ያህል አይደለም። ይሉኝታን ግን፣ ስሙን ባይጠሩትም፣ ጠንቅቀው ያውቁታል። የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ቅሬታ ማዕከል በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ መጥፋቱን መዝግቧል። በዚያ ዓመት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች አብዝተው ያመለከቱበት የማጭበርበር ዓይነትም ይኸው ነበር።

«ስልኩ ላይ ማይክሮሶፍት ብሎ ወጥቷል እኮ»

ስልክዎ ላይ የሚወጣው ስምና ቁጥር ደዋዩ እንዲወጣ የፈለገው ሊሆን ይችላል። በኢንተርኔት በኩል የሚደውል ሰው ያሻውን ቁጥር ያስመስላል፤ የሰፈርዎን መነሻ ቁጥር 301 ወይም 703 ጭምር። ማይክሮሶፍት ሳይጠሩት ደውሎ «ኮምፒዩተርዎ ታሟል» አይልም። በዓለም ላይ ዊንዶውስ ያለው መሣሪያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነው፤ ከዚያ ሁሉ መሃል የአክስቴን ላፕቶፕ ለይቶ፣ ስልኳን አፈላልጎ የሚደውልላት ማን ነው?

አንዳንዴ ደግሞ እነሱ አይደውሉም፤ እርስዎ እንዲደውሉ ያደርጋሉ። አንድ ገጽ ሲከፍቱ ስክሪኑን የሚሞላ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ሳይረን ይጮኻል፣ «ኮምፒዩተሩን እንዳያጠፉ! በዚህ ቁጥር ይደውሉ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ድረ ገጽ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እውነተኛው የዊንዶውስ የስህተት መልእክት ስልክ ቁጥር የለበትም። ኦልትን እንደያዙ ኤፍ 4ን ይጫኑ። እምቢ ካለ የማብሪያውን ቁልፍ ኮምፒዩተሩ እስኪጠፋ ድረስ ተጭነው ይቆዩ። ሲያበሩት ብራውዘሩ የነበሩበትን ገጽ ልመልስ ብሎ ቢጠይቅ አይፍቀዱለት።

«እስቲ የሚለውን ልስማው»

ሰው እያወራ ስልክ መዝጋት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ደዋዩም ጨዋ ነው፤ ማም ይላል፣ ሰር ይላል፣ ጤናዎን ይጠይቃል። አክስቴ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ልጄ» ማለት ጀምራ ነበር።

መከራከሩም አይጠቅምም። «ስምህ ማነው? ከየት ነው የምትደውለው?» ብለው ቢያፋጥጡት መልሱ ፊቱ ተጽፎ ተቀምጧል፤ የሠራተኛ መታወቂያ ቁጥርም ይቆጥርልዎታል። እርስዎ ያጋለጡት ሲመስልዎት እሱ ግን የሚፈልገውን ጊዜ አግኝቷል። ወጣቶቹ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ እንዳዩት ሊቀልዱበት ይሞክራሉ። ቪዲዮ ላይ የምታዩአቸው ሰዎች ለዚሁ ብለው ያዘጋጁት ባዶ ኮምፒዩተር አላቸው፤ እናንተ የያዛችሁት የእናታችሁን የባንክ መግቢያ ያለበትን ነው።

«በዓይኔ አይቻለሁ»

የተማረውንም ያልተማረውንም የሚጥለው ይሄኛው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ደዋዩ «ማስረጃ ላሳይዎት» ይልና የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር እንዲጫኑ፣ ከዚያ በምትወጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ፊደል በፊደል የሚነግርዎትን እንዲጽፉ ያደርጋል። ኢቨንት ቪወር የሚባለው መስኮት ይከፈታል። ቀይ ምልክት፣ ቢጫ ምልክት፣ «ኤረር»፣ «ዋርኒንግ»፤ ቢቆጠር መቶ፣ ሁለት መቶ ይሆናል። ያስደነግጣል። ነገሩ ግን የኮምፒዩተሩ የዕለት ማስታወሻ ነው። ፕሪንተሩ ጠፍቶ ነበር፣ ዋይፋዩ ለአፍታ ተቋርጧል፣ አንድ ፕሮግራም ዘግይቶ ተነሳ፣ ሁሉንም ይመዘግባል። ትናንት ከሱቅ የወጣ አዲስ ኮምፒዩተርም ቢሆን ቀይ ምልክት አያጣም። እኔ ሰው ቤት ስሄድ መጀመሪያ የራሴን ላፕቶፕ ከፍቼ ይህንኑ መስኮት አሳያለሁ። የእኔ ብዙውን ጊዜ ከእነሱ ይብሳል።

ሁለተኛው ማስረጃ «የኮምፒዩተርዎ መለያ ቁጥር» ነው። ደዋዩ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት አስከፍቶ «አሶክ» የሚባለውን ትእዛዝ ያስጽፍዎታል። ረጅም ዝርዝር ይወርዳል፤ መጨረሻው አካባቢ በ888 የሚጀምር ቁጥር አለ። «እኔ ላንብብልዎት፣ እርስዎ ያመሳክሩ» ይልና አንድም ሳይስት ያነብልዎታል። ሰው እዚህ ላይ ይረታል፦ «ማይክሮሶፍት ባይሆን ከየት ያውቀዋል?» ቁጥሩ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒዩተር ሁሉ አንድ ነው። የእኔም፣ የእርስዎም፣ የራሱ የሌባውም ያው ነው።

ሦስተኛው «ኔትስታት» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተሩ በዚያች ደቂቃ ከማን ጋር እንደተገናኘ ይዘረዝራል፤ ከአምዶቹ አንዱ «ፎሪን አድረስ» ይላል። ደዋዩ «አዩ? የውጭ አገር ሌቦች ገብተዋል» ይላል። እዚህ ላይ ፎሪን ማለት በመስመሩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ማለት ብቻ ነው፤ የከፈቱት መዝሙርም በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ፎሪን የሚለው ቃል እኛ ስደተኞቹን እንዲህ ማስደንገጡ ሳያስቀኝ አይቀርም።

«ገብቶ ያስተካክልልኝ»

ቀጥሎ ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር ወይም አልትራቪወር የሚባል፣ ኮምፒዩተርን ከሩቅ ሆኖ የሚያንቀሳቅሱበት ፕሮግራም ያስጭኑዎታል። ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ሕጋዊ ናቸው፤ እኔም ዳላስ ያለውን አጎቴን የማግዘው በአንዱ ነው። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር አንብበው «ፍቀድ» የሚለውን ከተጫኑ ቁልፍዎን አስረክበዋል። አይጡ በራሱ ሲንቀሳቀስ ያዩታል። ሲፈልግ ስክሪኑን አጥቁሮ የሚሠራውን እንዳያዩ ያደርጋል። ባንክዎን እሱ እያየ አይክፈቱ፤ ፓስወርዱን ባይነግሩትም ከገቡ በኋላ ያለው ሁሉ የእሱ ነው።

«ልጁ ከሥራው ሊባረር ነው»

አክስቴ የተያዘችው እዚህ ጋ ነው። ቫይረሱን «ካጸዳ» በኋላ ሰውዬው «የጥበቃ ክፍያ 200 ዶላር ይመለስልዎታል» አላት። ባንኳን አስከፈታት፤ አንድ ቅጽም አመጣና መጠኑን ራሷ እንድትጽፍ አዘዛት። 200 ብላ ጻፈች። እሱ ከወዲያ አንድ ዜሮ ጨመረበት። ወዲያው ድምፁ ተለወጠ፦ «ማም፣ ምን አደረጉ? 2,000 ብለው ጻፉ እኮ!»

ሂሳቧን ስታይ እውነትም ቼኪንጉ ላይ 2,000 ዶላር ገብቷል። የገባው ከራሷ ሴቪንግ ነው፤ ስክሪኑ በጠቆረበት ጊዜ እሱ አዛውሮታል። ለማዛወር እንኳ የማይደክሙ አሉ፤ ብራውዘር ውስጥ የማንኛውም ገጽ ጽሑፍ የሚቀየርበት መሣሪያ ስላለ ባንኩ ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር በጽሑፍ ብቻ ይቀይሩታል። ገጹ እንደገና ሲከፈት ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ከዚያ ልመናው ጀመረ። አለቃው ካወቀ እንደሚያባርረው፣ ሁለት ልጆች እንዳሉት፣ የተረፈውን 1,800 ዛሬውኑ ካልመለሰች መጥፋቱ እንደሆነ ነገራት። አለቀሰ። አክስቴም አብራ አለቀሰች። በዚያች ሰዓት የተሰረቀች አልመሰላትም፤ የሰው ልጅ እንጀራ በእሷ ስህተት ሊቆረጥ ነው ብላ ነው የተነሳችው።

በስህተት የገባ ገንዘብ በእርግጥ ካለ የሚመልሰው ባንኩ ራሱ ነው። እርስዎ ገበያ ወጥተው፣ ካርድ ገዝተው፣ የሚመልሱት ዕዳ የለም።

«ለልጅ ልጆቼ ነው»

ሰውዬው ስልኩን ሳትዘጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሱቅ እንድትሄድ አዘዛት። ሦስት ባለ 500፣ አንድ ባለ 300 ጊፍት ካርድ፣ ማለትም ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ ሊገዛበት የሚችል የስጦታ ካርድ። ካሸሯ ለማን እንደሆነ ስትጠይቃት አስቀድሞ እንዳስጠናት «ለልጅ ልጆቼ ነው» አለች። መኪናዋ ውስጥ ተመልሳ የካርዶቹን ጀርባ ፍቃ ቁጥሩን አነበበችለት።

ካሸሯም ሆነች የባንኩ ገንዘብ ያዥ የሚጠይቁት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ስለሚከፍሉት ገንዘብ ዋሽ የሚልዎት ሰው ሌባ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ጊፍት ካርድ የሚቀበል የመንግሥት ቢሮም ሆነ የኮምፒዩተር ድርጅት የለም። ቢትኮይን ማሽን ጋ የሚልኩም አሉ። በ2023 ኤፍቢአይ ጥሬ ገንዘብ በመጽሔት ቅጠሎች መሃል አስደብቀው በዕቃ አጓጓዥ ድርጅት በኩል የሚያስልኩ መኖራቸውን አስጠንቅቋል፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ሰው ቤት ድረስ ልከው ጥሬ ገንዘብና ወርቅ የሚያስረክቡ ስለመኖራቸው ተናግሯል።

«ቁጥሩን ጎግል ላይ አገኘሁት»

አንዳንዱ ብልህ ነኝ ብሎ የደዋዩን ስልክ ይዘጋና የድርጅቱን ቁጥር ጎግል ላይ ይፈልጋል። ከላይ የሚወጣው የተከፈለበት ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ ጎግል በ2018 የዚህን ዓይነት ማስታወቂያ እንደሚገድብ ቢያስታውቅም ሐሰተኛ ቁጥር ዛሬም እየሾለከ ይወጣል። የባንክ ቁጥር ካርድዎ ጀርባ ላይ አለ። የሌላውን ከድርጅቱ ከራሱ ድረ ገጽ ይውሰዱ።

«ተዉት፣ አንዴ ሆኗል»

ከሆነ በኋላ ያለው ስህተት ዝምታ ነው። መጀመሪያ ዋይፋዩን ያጥፉ ወይም ኬብሉን ይንቀሉ። በሌላ መሣሪያ የኢሜይልዎን ፓስወርድ ይቀይሩ፣ ባንኩን ቀጥሎ፤ በዚያው ኮምፒዩተር ከቀየሩት አዲሱንም ሊያይ ይችላል። ባንክዎ ደውለው የማጭበርበር ጉዳይ ክፍልን ይጠይቁ። የጊፍት ካርዱን ድርጅት ይደውሉለት፤ ካርዱንና ደረሰኙን አይጣሉ፣ ገንዘቡ ካልተወሰደ የሚያግዱበት ጊዜ አለ። ያስጫኑዎትን ፕሮግራም ያስወግዱ፤ ካላመኑት ፎቶዎችዎን አውጥተው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ያስጭኑ።

ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ877-382-4357፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ ደግሞ በፍትሕ ሚኒስቴር የአረጋውያን መስመር 833-372-8311 ማመልከት ይቻላል። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ስህተት የእኔ ነው

ያን ማታ አክስቴ ላይ ጮኽኩባት። «እንዴት እንዲህ ትሞኛለሽ?» አልኳት፣ ልጆቿ ፊት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ደወለ፦ የጠፋብዎትን 1,800 ላስመልስልዎት፣ የማስፈጸሚያ 300 ብቻ ይክፈሉ። የተጭበረበረ ሰው ስምና ቁጥር እጅ በእጅ የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ ይህ ሁለተኛ ጥሪ አይቀርም፤ እኔም አስቀድሜ ልነግራት ይገባ ነበር። ከፈለች። ለእኔ ግን አልነገረችኝም፤ የሰማሁት ከወራት በኋላ ከጎረቤቷ ነው። ለምን ደበቅሽኝ ስላት «ደግሞ ልትጮህብኝ?» አለችኝ።

አሁን አንድ ስምምነት አለን። ስለ ኮምፒዩተር የሚደውል ሁሉ፣ ማንም ይሁን፣ «ልጄ ሲመጣ» ይባልና ይዘጋል። ባለፈው እሑድ እዚያው ቁጭ ብዬ አንዱ ደወለ። እንደተባባልነው አደረገች። ብቻ ከመዝጋቷ በፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ ልጄ» አለችው፤ ያውም በአማርኛ።