ውሃ ያዘሉ ትንንሽ የዱር አበቦችን እንዴት እንለያለን?

ቅጠሉ ወፍራም ነው ተብሎ ብቻ አንድ ተክል «ሰኩለንት (ውሃ አጠራቃሚ ተክል) ነው» ተብሎ ሲታለፍ ቅር ይለኛል። ወፍራም ቅጠል ዝምድናን አይነግርም። ቅጠልና ግንድ ውስጥ ውሃ ማጠራቀም በማይዛመዱ የተክል ቤተሰቦች ውስጥ፣ ለየብቻው፣ ደጋግሞ የመጣ ጠባይ ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን የበቀሉ፣ ሁለቱም ቀላ ያሉ፣ ሁለቱም ከጥፍር የማይበልጡ ተክሎች ፈጽሞ ባዕድ ሊሆኑ ይችላሉ። ዘራቸውን የሚናገሩት አበባውና ፍሬው ናቸው።

እዚህ የማወራው በአንድ ወቅት በቅለው፣ አብበው፣ ዘራቸውን ጥለው ስለሚሞቱት ነው። ፈልጓቸው ካላችሁኝ ድንጋይ ላይ የተኛ ስስ አፈርን፣ ዝናብ ሲያቆም የሚደርቅ ኩሬ ዳርን፣ አሸዋማ ሜዳን እዩ። ትልልቅ ሣሮች ሥር መስደድ የማይችሉበት ቦታ የእነሱ ነው። ጊዜያቸው አጭር ስለሆነ «በሚቀጥለው ሳምንት አያታለሁ» አይሠራም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ቀጭን መርፌ፣ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። እኔ በደረቴ ተኝቼ ነው የማያቸው። ቆሞ ማየት ለእነዚህ አይሆንም።

መጀመሪያ ተክሉ በእርግጥ የአንድ ወቅት መሆኑን አረጋግጡ። ሥሩ ቀጭን ነው? ግርጌው እንጨት አልሆነም? ያለፈው ዓመት የደረቀ ግንድ ወይም አበባ ያላወጣ ተጨማሪ ቅርንጫፍ የለውም? እንዲህ ከሆነ ያለውን ሁሉ ለዘር እያዋለ ነው ማለት ነው። ለዓመታት የሚኖሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለከርሞ የሚሆን ቡቃያ ያስቀራሉ።

ቀጥሎ አንድ ቅጠል ቁረጡና ቁስሉን እዩ። ነጭ ወተት ከወጣ ተክሉ የዩፎርቢያ (የቁልቋል) ወገን ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ የሚንጠፈጠፉ ትንንሽ ዩፎርቢያዎች ፖርቱላካ የሚባለውን ሌላ ወገን በጣም ይመስላሉ፤ ወተታቸውም ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። ለመለየት ብላችሁም ምንም ነገር አትቅመሱ።

አሁን ወደ አበባው እንግባ። ከሁሉም የምወደው ክፍል ይህ ነው።

አበባውን ከሥር ያቀፉትን አረንጓዴ ቅጠሎች ቁጠሩ። ሁለት ብቻ ከሆኑ ፖርቱላካ ወይም የሞንቲያሴ ቤተሰብ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ድሮ ሁሉም አንድ ቤት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የአበባ ተክሎች አመዳደብ ግን ፖርቱላካ ብቻውን ቤተሰብ ሆኖ ቀረ፤ ክሌይቶኒያና ካላንድሪኒያ የተባሉት ወገኖች ወደ ሞንቲያሴ ሄዱ። በዓይን መለየት ለሚፈልግ ሰው ፍሬው ይበቃዋል። የፖርቱላካ ፍሬ እንደ ሙዳይ ነው፤ ዙሪያውን ይሰነጠቅና ክዳኑ ተነሥቶ ይወድቃል። የሞንቲያሴዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጫፉ ጀምሮ ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል። የፖርቱላካ አበባ ፀሐይ ደመቅ ስትል ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚከፈት ረፋድ ላይ ሂዱ።

ባለ ቀለም ቅጠሎቹ (መልካበባዎቹ) እንደ ክር ቀጭንና ብዙ ከሆኑ የአይዞአሴ ቤተሰብን አስቡ። እነሱን መቁጠር ዋጋ የለውም፤ መነሻቸው የብናኝ ዘንግ (የወንዴውን ብናኝ የሚሸከመው ቀጭን ክፍል) ነው። ከዚህ ቤተሰብ ሜሴምብሪያንተመም ክሪስታሊነም ላዩ በሚያብረቀርቁ የውሃ ከረጢቶች የተሸፈነ ስለሆነ ካያችሁት አትስቱትም። የደረቀ ፍሬ ካገኛችሁ የውሃ ጠብታ ጣል አድርጉበትና ጠብቁ። እርጥበት ሲያገኝ ይከፈታል፣ ሲደርቅ መልሶ ይዘጋል። ዘሩን የሚለቀው ለመብቀል በሚመች ሰዓት ነው።

ሁሉም ክፍሎች ተቆጥረው የሚያልቁና ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ከሆኑስ? ሦስት አረንጓዴ፣ ሦስት መልካበባ፣ መሐል ላይ ሦስት እርስ በርስ ያልተጋጠሙ የዘር ከረጢቶች፤ ወይም አራት አራት፣ ወይም አምስት አምስት። ይሄ የክራሱላሴ ቤተሰብ ነው። በሌንስ ካያችሁ በእያንዳንዱ ከረጢት ግርጌ ጣፋጭ የአበባ ፈሳሽ የምታመነጭ ትንሽ ቅርፊት ታገኛላችሁ። እዚህ ቤት ውስጥ ወሳኙ ጥያቄ ስንት ናቸው የሚለው ሳይሆን የብናኝ ዘንጎቹ ከመልካበባዎቹ ጋር እኩል ናቸው ወይስ እጥፍ የሚለው ነው። እኩል ከሆኑና ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ከሆኑ ክራሱላ በሉ። እጥፍ ከሆኑ ሴደም ወይም የሴደም ዘመድ ነው።

የተክሎች ስም አወጣጥን የመሠረተው ስዊድናዊው ሊኒየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሎችን በብናኝ ዘንግ ቁጥር ሲመድብ ትንንሾቹን ቲላያ ብሎ ከክራሱላ ለይቷቸው ነበር። ኋላ ላይ ወደ ክራሱላ ተመለሱ። ክራሱላ ቲላያ አበባዋ በሦስት፣ ክራሱላ ኮናታ በአራት የተከፈለ ነው፤ የሁለቱም ዘንግ ግን ከመልካበባው ጋር እኩል ነው። ክራሱላ ቲላያ ቁመቷ ብዙ ጊዜ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ከሩቅ ያየ ሰው ቀይ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) መስሎት ይረግጣታል።

ደንቡን የሚጥሱም አሉ። ሴደም ሩቤንስ ብዙውን ጊዜ አምስት ዘንግ ብቻ አለው፤ በዚህም የተነሳ አንድ ወቅት ክራሱላ ተብሎ ነበር። ቅጠሎቹ ጥንድ ሳይሆኑ ተፈራርቀው መውጣታቸው ያጋልጠዋል። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ግራናይት ላይ የሚበቅለው ዲያሞርፋ ስሞሊ ደግሞ ባለ አራት ክፍል ሆኖ ስምንት ዘንግ አለው፤ ከረጢቶቹ ግርጌያቸው ላይ የተጋጠሙ ናቸው፤ ፍሬውም የሚከፈተው በታችኛው በኩል ነው። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ። ከአንድ አበባ በላይም ቁጠሩ፤ ጫፍ ላይ ያለው አበባ አንዳንዴ ከሌሎቹ በአንድ ይበልጣል። ሴደም ራሱ በዘረመል ጥናት ሲታይ አንድ ወጥ የዘር ሐረግ አይደለም። የወገን ስሙ ቢቀየርባችሁ ምልከታችሁ አይበላሽም፤ ቁጥሮቹን በትክክል ከጻፋችሁ ወደ አዲሱ ስም ማዛወር ቀላል ነው።

አንድ ዝርያ በብዛት ካለና መሰብሰብ ከተፈቀደ ብቻ ናሙና ውሰዱ። ካልሆነ ፎቶ ይበቃል፤ አበባውን ከላይና ከጎን፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ከተቻለ ፍሬውን ጭምር፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ አንሱ። የወሰዳችሁትን ዝም ብላችሁ ወረቀት መሐል አትጫኑት። ውሃ ስላዘለ ቶሎ አይሞትም፤ ተጭኖም ያድጋል፣ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ይሻግታል። አበባውን ከውሃው ውጭ ይዛችሁ ቅጠልና ግንዱን ለጥቂት ሰከንድ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ ከዚያ በኋላ ተጫኑት፣ ወረቀቱንም በየቀኑ ለውጡ። አንድ ሁለት አበባ ለብቻ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ፤ የደረቀ አበባ ላይ ዘንግ መቁጠር ያስቸግራል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የአፈሩን ዓይነትና የአበባውን ቀለም እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋል።