በእንቁላል ማምረቻ ላይ ሲስት ሲገኝ፦ መውለድ ለምትፈልግና ለነፍሰ ጡር ሴት

በአልትራሳውንድ ታይተው «ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) አለብዎት» ከተባሉ፣ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት መጠኑ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነና የያዘው ንጹሕ ውሃ ብቻ መሆን አለመሆኑን ሐኪሙን ይጠይቁ። የውጤቱንም ወረቀት ያስቀምጡ፤ ቀጣዩ ምርመራ የሚመዘነው ከእርሱ ጋር ነውና።

እንቁላል በየወሩ የሚበስለው ውሃ በቋጠረ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ስለሆነ፣ ከረጢቱ በጊዜው ሳይፈነዳ ቀርቶ ወይም ከፈነዳ በኋላ መልሶ ውሃ ይዞ ቢያብጥ የሚያስደነግጥ አይደለም። እንዲህ ያለው ሲስት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት የወር አበባ በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካነሰና ሕመም ከሌለው ደግሞ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የተፈጠረውን ሲስት ቶሎ እንደማያጠፋ ስለታወቀ፣ ለመፀነስ የሚጥሩ ከሆነ ለዚሁ ብለው ወራት አያባክኑ።

በኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ምክንያት የሚመጣው፣ አሮጌ ደም የሚቋጥረውና «ቸኮሌት ሲስት» የሚባለው ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ሕመሙ ራሱ መፀነስን ሊያዘገይ ይችላል፤ ሲስቱን ቆርጦ ማውጣትም ከአጠገቡ ያሉትን ጤነኛ እንቁላሎች ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለሆነም ቀዶ ሕክምና ከታሰበ፣ በተለይ ሁለቱም ወገን ከተያዘ ወይም ከዚህ ቀደም ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ከነበረ፣ የእንቁላል ክምችትን የሚያመለክተውን የኤኤምኤች የደም ምርመራ አስቀድመው እንዲሠራልዎት ይጠይቁ። ፒሲኦኤስ በተባለው፣ እንቁላል በወቅቱ እንዳይለቀቅ በሚያደርገው የሆርሞን መዛባት የሚታዩት ብዙ ትናንሽ ነጠብጣቦች ደግሞ ያልበሰሉ የእንቁላል ከረጢቶች እንጂ በቀዶ ሕክምና የሚወጡ እጢዎች አይደሉም፤ ሕክምናው እንቁላል በወቅቱ እንዲለቀቅ ማገዝ ነው።

በእርግዝና መጀመሪያ የሚታየው ሲስት ብዙውን ጊዜ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የቀረው ከረጢት ነው። የእንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ፣ ማለትም እስከ 8ኛው ወይም 10ኛው ሳምንት ገደማ፣ እርግዝናውን የሚያጸናውን ፕሮጄስትሮን የሚያመነጨው እርሱ ስለሆነ በጥድፊያ ሊወጣ አይገባም። ሌላ ዓይነት ሆኖ ቀዶ ሕክምና የግድ ቢሆን፣ አጣዳፊ እስካልሆነ ድረስ ከሦስተኛው ወር በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ሲጠረጠር የሚታዘዘው ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራ በእርግዝናም በኢንዶሜትሪዮሲስም ከፍ ስለሚል፣ በዚያ ብቻ ካንሰር ነው ብለው አይሸበሩ።

በማንኛውም ጊዜ በአንድ ወገን ድንገተኛ ብርቱ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ እንቁላል ማምረቻው ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ስለሚችል ሆድዎን ሳያሳሹ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። የወር አበባዎ ዘግይቶ ሕመምና ደም ከታየ ወይም ራስዎን ከሳቱም እንዲሁ ያድርጉ፤ ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና «የታወቀው ሲስቴ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላልና።