መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚጠፋው የፋየርዎል ሩል

ካዛንቺስም ይሁን ሜክሲኮ፣ የቢሮ ኔትወርክ የምትይዙ ሰዎች ይህቺን ታውቋታላችሁ። ትናንት ፋየርዎሉ (የኔትወርኩን መግቢያና መውጫ የሚጠብቀው) ላይ ያስገባችሁት ሩል (ምን ይለፍ፣ ምን ይታገድ የሚለው ትእዛዝ) አሪፍ ይሠራ ነበር። መብራት ሄዶ መጣ፣ ሩሉ የለም። ብዙ ሰው ወዲያው ዕቃው ላይ ይፈርዳል። ግን ሚሞሪ ላይ እየሠራ ያለው ሩልና ፋይል ላይ የተጻፈው ሩል የተለያዩ ናቸው፤ መብራት ሲሄድ የሚተርፈው የተጻፈው ብቻ ነው። የማወራው ኦፕንደብሊውአርቲ (የራውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ስለተጫነበት ሳጥን፣ ማለትም ራውተር ነው።

መጀመሪያ ለውጡ ኮሚት መደረጉን (ፋይል ላይ መጻፉን) እዩ። በዩሲአይ (የሳጥኑ ሴቲንግ መቀየሪያ ትእዛዝ) "ሴት" ስትሉ ለውጡ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ቴምፕ ደግሞ ራም (ሚሞሪው) ላይ ስለሆነ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። "ዩሲአይ ኮሚት ፋየርዎል" ስትሉ ነው ኢቲሲ ስር ወዳለው ኮንፊግ ፋይል የሚገባው። ስክሪፕታችሁንም (ትእዛዞች የጻፋችሁበትን ፋይል) ቴምፕ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ያው ነው የሚሆነው።

ስክሪፕቱን ስታስነሱት፣ ፋይሉ ቁጭ ብሎ እያያችሁት "ኖት ፋውንድ" ካለስ? የጠፋው ስክሪፕቱ ሳይሆን የመጀመሪያው መስመር ላይ የተጠራው ሼል (ትእዛዞቹን አንብቦ የሚፈጽመው ፕሮግራም) ነው። ይህ ሳጥን ሲጫን ባሽ የለውም፣ ያለው አሽ ነው፤ ስለዚህ መስመሩን ወደ "ቢን ኤስኤች" ቀይሩት፣ የባሽ ብቻ የሆኑ አጻጻፎችንም አውጡ። እሱም ትክክል ከሆነ ፋይሉ ዊንዶውስ ላይ ተጽፎ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይዞ መጥቷል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ የመስመር መጨረሻውን ወደ ዩኒክስ ቀይራችሁ መልሳችሁ ጫኑት።

አፕግሬድ ካደረጋችሁ በኋላ የድሮው ስክሪፕት እምቢ ካለ፣ ከኦፕንደብሊውአርቲ 22.03 ቨርዥን ጀምሮ (2022 እ.ኤ.አ.) ፋየርዎሉ ከድሮው የሩል ሲስተም ከአይፒቴብልስ ወደ አዲሱ ኤንኤፍቴብልስ ዞሯል። ሩሎቹን በአዲሱ አጻጻፍ ጻፉ።

ሰው የማይጠረጥረው ግን ሰዓቱን ነው። ብዙዎቹ ሳጥኖች የሰዓት ባትሪ የላቸውም፣ ሲነሱ ከኢንተርኔት ሰዓት እስኪያገኙ ድረስ ኋላ ቀርተው ይቆያሉ፣ በዚያች መሀል የሚታገዱ ሳይቶችን ዝርዝር የሚያወርደው ስክሪፕት ከተነሳ የሳይቱ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫው) ቀኑ ገና ያልደረሰ ሊመስለው ስለሚችል የሰርተፊኬት ስህተት ሰጥቶ ይቆማል። ሰዓቱ እስኪስተካከል እንዲጠብቅ አድርጉት። ታይም ዞኑም ካልነካችሁት ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፣ ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደኋላ። ወደ አዲስ አበባ ቀይሩና ክሮንን (ስክሪፕቶችን በሰዓታቸው የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ሪስታርት አድርጉ፣ አለዚያ በድሮው ይቀጥላል። ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲሠራ የፈለጋችሁትን 2 ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ ለክሮን 2 ማለት ሌሊት 8 ሰዓት ነው። 8 ብላችሁ ጻፉ።

አዲስ ሩል ከርቀት ስታስገቡ ራሳችሁን ውጭ እንዳትቆልፉ እለምናችኋለሁ፤ ቦሌ ተቀምጦ ፒያሳ ያለ ሳጥን ላይ መቆለፍ ከባድ ነው። የኮንፊግ ፋይሉን መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ ከ300 ሰከንድ በኋላ ኮፒውን መልሶ ፋየርዎሉን ሪስታርት የሚያደርግ ትንሽ ስክሪፕት ከጀርባ አስነሱ፣ ከዚያ ሩሉን አስገቡ። ስትፈትሹ በተከፈተው ኤስኤስኤች (ከርቀት የገባችሁበት ግንኙነት) አትተማመኑ፣ አስቀድሞ የተያዘ ግንኙነት ሩሉ ቢዘጋም ሊቀጥል ይችላል። ሌላ መስኮት ከፍታችሁ እንደ አዲስ ግቡ። ከገባችሁ ስክሪፕቱን አስቁሙት፤ ካልገባችሁ 5 ደቂቃ ታገሱ፣ ራሱ ይመልሰዋል።