ቅዳሜና እሑድን በሸዋ ሮቢት ለማሳለፍ ጉዞው እንዴት ይታቀዳል?

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሮቢ ወንዝ ዳር የምትገኝ የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት ምሳ የሚበላባት ማረፊያ አድርጎ ነው፤ ከመኪናው ሲወርድ ሙቀቱ ይቀበለዋል፣ በልቶና ውሃ ጠጥቶ ወደ ኮምቦልቻ ጉዞውን ይቀጥላል። በእኔ እምነት ግን ከተማዋና ዙሪያዋ ሁለት ሌሊት ማደር የሚገባቸው ናቸው፤ የሚጠይቁትም ቀኑን አውቆ መምጣትን ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ የሚታየው ነገር በአብዛኛው ቲኬት ተቆርጦ፣ በር ተከፍቶ የሚገባበት አይደለም፤ ገበያው በቀኑ ይቆማል፣ ታቦቱ በቀኑ ይወርዳል፣ ወንዙም በወቅቱ ይሞላና ይጎድላል። ስለዚህ ዕቅዱ ከመኪናና ከመኝታ በፊት ከቀን ምርጫ መጀመር ይኖርበታል።

አንደኛ፦ ቀኑን መምረጥ

መርሐ ግብሩ እሑድን የግድ ይጨምር። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ሲጓዙ ጀውሃን አልፎ፣ ከሰሜን ሸዋ ወሰን ጥቂት ወጣ ብሎ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚገኘው የሰንበቴ ገበያ የሚቆመው በዚሁ ቀን ነው፤ የሰንበቴ ስምም ከሰንበት ጋር የሚሄድ ነው። ቅዳሜን ለመንገድ፣ እሑድ ጠዋትን ለገበያ፣ እሑድ ከሰዓትን ለወንዙ፣ ሰኞ ጠዋትን ለመመለሻ የሚያደርግ ጎብኚ ብዙም ሳይጣደፍ ሁሉንም ይደርሳል።

ቀጥሎ ወሩን ይምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ የጣርማበር ተራራ በጉም ስለሚሸፈን፣ ከታች ያሉት ወንዞችም ድንገት ስለሚሞሉ፣ ያለ ጉዳይ ለጉብኝት ብቻ መምጣት አይመከርም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ደግሞ ለቆላው እንግዳ የሆነ ሰው የማይችለው ሙቀት ይዞ ይመጣል። ጥቅምትና ኅዳር ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ እህሉ ደርሷል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፤ ይሁንና የክረምቱ ውሃ የተኛባቸው ቦታዎች ትንኝ የሚያፈሉበት ወቅትም ይኸው በመሆኑ ወባ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። እኔ ብሆን የምመርጠው ጥርን ነው። ሌሊቱ ቀለል ያለ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ዐቢይ ጾም ስላልገባ የሠርግ ወቅት ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ይውላል። በወንዝ ዳር ያለች ከተማ ጥምቀትን የምታከብርበት መልክ በደረቅ ሜዳ ላይ ገንዳ ከሚሠራበት ከተማ ይለያል፤ ታቦታቱ ወደ ውሃው ሲወርዱ፣ ሕዝቡም በእልልታና በሆታ ሲከተል የበዓሉ ትርጉም ያለ ማብራሪያ ይገባል። እሑድና ጥምቀት ተቀራርበው የሚውሉበት ዓመት ከተገኘ ዕድሉን ማሳለፍ አይገባም።

ቀን ሲመርጡ የጾሙንም ነገር ያስቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም ከጥምቀት በፊት ባለው የገሃድ ጾም፣ በክርስቲያን ምግብ ቤት የፍስክ ምግብ አይጠበቅም። አካባቢው የክርስቲያንና የሙስሊም ኅብረተሰብ ተቀላቅሎ የሚኖርበት በመሆኑ ረመዳን የገባ እንደሆነም ብዙዎቹ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ቀን ላይ ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ ግን ከመግሪብ በኋላ ያለው የአፍጥር ሰዓት ራሱን የቻለ መስህብ ነው።

ሁለተኛ፦ የመንገዱን ሁኔታ ማጣራት

ይህ ክፍል አጭር ቢሆንም የሚዘለል አይደለም። ያለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት ሰሜን ሸዋንና አጎራባቾቹን ክፉኛ ጎድቷል፤ ከሰንበቴ ቀጥላ የምትገኘው አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በቃጠሎ ብዙ ጉዳት የደረሰባት ከተማ ናት። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ባለው ሳምንት በመንገዱ ላይ የሚመላለሱ ሾፌሮችን፣ ሊያርፉበት ያሰቡትን ሆቴል፣ የሚቻል ከሆነም የከተማዋን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ የሚያመነታ ከሆነ ጉዞውን ያራዝሙ፤ የሰንበቴ ገበያ በሚቀጥለው እሑድም ይቆማል።

ሦስተኛ፦ ሻንጣውን ለሁለት አየር ማዘጋጀት

ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬት ያስፈልጋል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ስስ ሸሚዝ እንኳ ይከብዳል። የከፍታው ልዩነት ይህን ያህል ነው፤ ጣርማበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ሲያልፍ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሁለቱንም ልብስ ይያዙ። ለሌሊት እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይጨምሩ፤ አልጋ ሲከራዩ አጎበር መኖሩን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በዓይንዎ ይዩ። ለገበያው የሚሆን ዝርዝር ብር በእጅ መያዝም ይገባል፤ ከገጠር የመጣ ሻጭ ከትልቅ ብር ላይ መልስ እንዲያፈላልግ ማድረግ እርሱንም እርስዎንም ያጉላላል።

አራተኛ፦ መንገዱን የጉብኝቱ አካል ማድረግ

በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ሰው ከላምበረት መናኸሪያ በማለዳ መነሳት ይችላል። የራሱ መኪና ያለው ግን የመቆም ነፃነት ስላለው ይበልጥ ይጠቀማል፤ አለልቱንና ሸኖን አልፎ ጫጫ ሲደርስ አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ወደተወለዱበት ወደ አንጎለላ አካባቢ ይገባል፤ ከዚያም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃንን ያገኛል። ደብረ ብርሃን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተመሠረተች ስትሆን ስሟም በዚያ ዘመን በሰማይ ታየ ከሚባለው ብርሃን ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ተሳልሞ፣ ቁርስ በልቶ ለመነሳት አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። እዚህ ከዚህ በላይ መቆየት ተገቢ አይመስለኝም፤ ጣርማበርን ጉም ሳይሸፍነው መድረስ ይበልጣል።

ጣርማበር ላይ መንገዱ የደጋውን ሜዳ ጨርሶ ገደል አፋፍ ላይ ይወጣል። መኪናዎን ከመንገዱ በደንብ አውጥተው ያቁሙና ወደ ምሥራቅ ይመልከቱ፤ ሰማዩ ጥርት ካለ የይፋት ቆላ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። በዚህ የገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ሲነጭ ማየት የተለመደ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም፤ ደረቱ ላይ ባለው ቀይ የቆዳ ምልክትም ይለያል። ዳቦና ሙዝ መወርወር ግን ክፉ ልማድ ነው፤ እንስሳው ከመኪና መንገድ እንዳይርቅ ያስለምደዋልና።

ከዚያ ቀጥሎ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያሠሩት ከ500 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ ይመጣል። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ፣ የጭነት መኪናም ስለሚበዛበት መብራት አብርቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ለመቅደም ሳይሞክሩ ማለፍ ያስፈልጋል። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም በአርማንያ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ፍሬኑን ስለሚያግል በዝቅተኛ ማርሽ መንዳት ይሻላል። የገብስና የባቄላ ማሳ በማሽላና በማሾ ሲተካ፣ ጽዱ በግራር ሲለወጥ ሸዋ ሮቢት መቃረቧን ይረዳሉ።

አምስተኛ፦ እሑድ ጠዋት ሰንበቴ መገኘት

ከሸዋ ሮቢት በጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ቢነሱ ገበያው ሲሞላ ለማየት ይደርሳሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ እኩለ ቀን ካለፈ ወዲያ ደግሞ ከሩቅ የመጣው መንገዱን እያሰበ መበተን ይጀምራል።

የሰንበቴ ገበያ የሚለየው በሚሸጠው ዕቃ ብዛት ብቻ አይደለም። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት አፍ ላይ ስለተቀመጠ ከመንዝና ከይፋት ተራሮች የሚወርደው አማራ እህሉን፣ ከታች ሜዳ የሚመጣው አፋር ግመሉንና ፍየሉን፣ የአካባቢው ኦሮሞ ከብቱንና ቅቤውን፣ በሽመናና በንግድ የታወቀው አርጎባም ሸቀጡን ይዞ አንድ ሜዳ ላይ ይውላል። በአንድ ጊዜ አራት ቋንቋ ይሰማል፤ አብዛኛው ነጋዴ ከአንድ በላይ ስለሚናገር ድርድሩ የሚቆመው በቋንቋ እጦት ሳይሆን በዋጋ ነው። እንግዳ ሰው መጀመሪያ የቁም ከብቱን ተራ ቢጎበኝ ጥሩ ነው፤ ድምፁም ግርግሩም እዚያ ይበረታል፣ ቶሎ የሚበተነውም እርሱ ነው። ከዚያ ወደ ጨርቁ፣ ወደ ቅመሙና ወደ እህሉ ተራ በዝግታ ይዙሩ።

ሁለት የጠባይ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ነው፤ ካሜራ ከማውጣት በፊት ሰላምታ ይቀድማል፣ ፈቃድ ይከተላል፣ እምቢ የተባለ ሰውም በስልክ ሰርቆ ማንሳት የለበትም። በተለይ ሴቶችንና የአፋር ሽማግሌዎችን ሳይጠይቁ ማንሳት ጠብ ያመጣል። ሁለተኛው ዋጋ መከራከር ነው፤ መከራከር የገበያው ወግ ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም፤ ዋጋ አስወርዶ፣ ሻጩንም አስማምቶ፣ ከዚያ ሳይገዙ መሄድ ግን ነውር ነው።

ስድስተኛ፦ ወንዙን በልኩ መቅረብ

ከገበያ ተመልሰው ምሳ በልተው ካረፉ በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ስትል ከ10 ሰዓት ጀምሮ ወደ ሮቢ ወንዝ መውረድ ይቻላል። በበጋ ውሃው ቀጥኖ በድንጋይና በአሸዋ መካከል ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ በመስኖ የሚለማ መሬት ስለሆነ የሽንኩርትና የቲማቲም መደብ፣ የማንጎና የፓፓያ ዛፍ ይታያል። በማሳው ድንበር ላይ በእግር መዞር ከሸዋ ሮቢት ደስታዎች ሁሉ ዋጋው ትንሹ፣ በእኔ ግምት ደግሞ ትልቁ ነው። ገበሬው ቦዩን ሲቀይር ቆሞ ማየት፣ የውሃ ተራ እንዴት እንደሚደለደል መጠየቅ ጥሩ ጨዋታ ይከፍታል። መደቡን አለመርገጥ፣ ፍሬም ሳይፈቀድ አለመቅጠፍ ግን ግድ ነው። “በርቱ”፣ “ይቅናችሁ” ብሎ የጀመረ እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም።

ስለ ወንዙ ጠባይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሮቢ የሚነሳው ከምዕራቡ ተራራ ነው፤ ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደብረ ሲና አናት ላይ የጣለ ዝናብ ግንድና ድንጋይ እየገፋ በድንገት ሊደርስ ይችላል። ይህ የሚያጋጥመው በክረምት ብቻ እንዳይመስልዎት፤ የምሥራቁ ተዳፋት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የበልግ ዝናብም ያገኛል። ስለዚህ ምንጣፍ አንጥፎ መቀመጫው ከወንዙ ወለል በላይ ያለው ዳር ነው። ወደ ተራራው ያለው ሰማይ ከጠቆረ፣ ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ወይም የአካባቢው ልጆች ከብታቸውን እየነዱ ሲወጡ ካዩ ምክንያቱን ለመጠየቅ ሳይቆሙ አብረው ይውጡ። በቆመ ወይም በዝግታ በሚሄድ ውሃ ውስጥ መዋኘትና መታጠብም ለቢልሃርዚያ ስለሚያጋልጥ አለመሞከሩ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ ለታሪክ ፍላጎት ላለው ሰው አንድ ቀን መጨመር

ይህ ቆላና ከበላዩ ያለው ተዳፋት የይፋት ሱልጣኔት አገር ነበር። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ ይዞ የኖረው በዚሁ ነው፤ ከአፄዎቹ ጋር የነበረው ግብርም ጦርነትም የመነጨው በአብዛኛው ከዚሁ መንገድ ጥቅም ነው። በተዳፋቱ ላይ ከዚያ ዘመን የቀሩ በድንጋይ የተሠሩ ከተሞችና መስጊዶች ፍርስራሾች አሉ፤ ከእነርሱም አስበሪና ኖራ የሚባሉት ይታወቃሉ። ወደነዚህ ቦታዎች በራስ ግምት መሄድ አይገባም፤ መንገዱ የእግር ነው፣ በአካባቢው ያለው ኅብረተሰብም መካነ መቃብሮቹን ያከብራል። ከከተማዋ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መሪ ይጠይቁ፣ ክፍያውንም ከመነሳት በፊት ይስማሙ፣ መስጊድ ሲገቡ ጫማ ያውልቁ፤ ሴቶችም ራሳቸውን የሚሸፍኑበት ሻሽ ይያዙ።

ስለ መንዝ ጓሳ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ማኅበረሰቡ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ የሣር አምባ ነው። መንገዱ ግን ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፍ የሌላ አቅጣጫ መንገድ ስለሆነ ከዚህ ጉዞ ጋር ደርቦ መሞከር ሁለቱንም ያበላሻል፤ ሌላ ጊዜ ራሱን ችሎ ቢታቀድ ይመረጣል።

ስምንተኛ፦ ሰኞ በጊዜ መነሳት

ከሸዋ ሮቢት ሲመለሱ መንገዱ ዳገት ስለሆነ ከመምጫው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ የጭነት መኪና ከፊት ከገባ ደግሞ ይብሳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ጣርማበርን ረፋድ ላይ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ጉም ወደ አፋፉ የመውጣት ልማድ አለው፤ ጉም ውስጥ ከገቡ ረጅም መብራት ነጸብራቁ ወደ ራስዎ ስለሚመለስ አጭሩን ያብሩ፣ ከፊት ካለው መኪናም ርቀት ይጠብቁ። ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም ሽንኩርት ለመግዛት ያሰበ ሰው እዚያው ሸዋ ሮቢት ላይ እሑድ ማታ ገዝቶ ቢያድር ይሻላል፤ ጠዋት ላይ ገበያ ሲፈልግ የሚያጠፋው ሰዓት ተራራው ላይ ያስፈልገዋል።